የባሕሩ ከተማ ወይስ የኮረብታው?

ሰኞ፣ ሚያዝያ 6

የምሠራበት ፀጉር ቤት ዛሬም ጢም ብሎ ዋለ። ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ስር ሦስት ሴቶች፣ አንዷ ቢጉዲኗን እንደተጠቀለለች ስልክ ላይ ባሏን ታስለቅሳለች... ልቤ ግን እዚያ አልነበረም።

እራት ላይ ለእማዬና ለአባዬ ነገርኳቸው። ለተጋቡበት ሠላሳ አምስተኛ ዓመት ቅዳሜና እሁድን ሦስታችን ሽርሽር፣ ከእኔ ስጦታ። "የት?" አሉ እኩል። "እናንተ ምረጡ" አልኩ። ምን ነካኝ? እማዬ የባሕሩ ከተማ ልጅ፣ አባዬ የኮረብታው። እኛ የምንኖረው መሃል ላይ፤ በባቡር ወደ ግራ አንድ ሰዓት፣ ወደ ቀኝ አንድ ሰዓት። ሁለቱ ከተሞች ከግራና ከቀኝ ተቀምጠው ሲናናቁ ይኖራሉ። እነዚህም እንደዚያው።

"ያንተ ከተማ ደረጃ ብቻ! ሰው ዳቦ ሊገዛ ወጥቶ ጉልበቱን ጥሎ ይመለሳል።"

"ያንቺስ? ንፋስ! ባርኔጣዬን ባሕር ውስጥ ከተተው።"

"እሱማ ድሮ ነው! ልጅቷ ገና አልተወለደችም ነበር።"

"ባርኔጣው ግን እስካሁን አልተመለሰም።"

ሳቄን በውሃ ዋጥኩት።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 7

የኔ ረጅሙ ደወለ። "መረጡ?" "ገና።" "ነገርሻቸው?" "ምኑን?" "ኧረ አንቺ!"

እዚህ እንኳ እስካሁን አልጻፍኩትም... ልንጋባ ነው። ይኸው ጻፍኩት! ልንጋባ ነው፣ ልንጋባ ነው!

ችግሩ አንድ ብቻ። ረጅሙ የባቡር ትኬት ተቆጣጣሪ ነው። አባዬ ደግሞ አምና ለጫማ ቤቱ ቆዳ ገዝቶ ከኮረብታው ሲመለስ፣ "ጥቅልሉ ረዝሟል" ብሎ አንድ ተቆጣጣሪ ሰው ሁሉ እያየ አስወረደው። (ረጅሙ አይደለም! አጣርቻለሁ።) ከዚያ ወዲህ ቤታችን ውስጥ "ባለ ኮፍያ" ማለት ስድብ ነው። ወተት ሲገነፍልበት እንኳ "ባለ ኮፍያ!" ይላል።

ስለዚህ ሽርሽሩ ላይ፣ ሆዱ ሲጠግብ፣ ሰው መሃል እነግረዋለሁ። አባዬ ሰው ፊት አይጮህም... አይጮህም አይደል?

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 8

የረጅሙን የሥራ ጫማ አባዬ ጋ ወሰድኩት። ሶሉ አፉን ከፍቷል። ምን ላድርግ፣ ከአባዬ በላይ ጫማ የሚሠራ የለም።

"የማን ነው?"

"የባልደረባዬ ባል።"

አገላበጠው። "ታኮው ግራና ቀኝ እኩል ነው ያለቀው። ይሄ ሰውዬ ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው" አለ። እስከ ጆሮዬ ቀላሁ።

"አንቺ፣ ምን ሆንሽ?"

"የካስኩ ሙቀት ነው።"

ካስኩ ያለው ፀጉር ቤት፤ እኔ ያለሁት ጫማ ቤት!

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 9

አባዬ እጅ ሰጠ! "ባሕሩ ይሁን" አለ፣ ሳይከራከር። ጫማውን ልወስድ ስሄድ ደግሞ በጆሮዬ፣ "እናትሽን ጉልበቷን ያማታል፣ ደረጃ አትችልም። እንዳትነግሪያት።"

እማዬ ግን አላመነችም። "የሆነ ነገር አስቧል። ያ ሰውዬ በቀላሉ አይሸነፍም።"

ዓርብ፣ ሚያዝያ 10

ረጅሙ ነገ ሥራ ላይ ነው። በየትኛው ባቡር? በኮረብታው። ተመስገን! ቢያንስ መንገድ ላይ አይገናኙም።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 11

አባዬን አጣነው!

ጣቢያው ላይ ሁለቱ ባቡሮች ግራና ቀኝ ቆመዋል። እኔና እማዬ ውሃ ልንገዛ ቆም አልን፤ አባዬ ሻንጣውን ይዞ ቀደመን። ሠላሳ ዓመት በየወሩ ለቆዳ ወደ ኮረብታው የተመላለሰ ሰው... እግሩ የሚያውቀው አንድ በኩል ብቻ ነው! ገባ፣ በመስኮቱ በኩል ተቀመጠ፣ ባርኔጣውን ፊቱ ላይ ደፍቶ ተኛ። እኛ በባሕሩ ባቡር "ሌላ ፉርጎ ገብቶ ይሆናል" እያልን ስንሄድ ስልኬ ጮኸ።

ረጅሙ ነው፣ እያንሾካሾከ። "አባትሽ እኔ ጋ ናቸው።"

"ምን?"

"በፎቶ አወቅኋቸው። ተኝተዋል። ትኬታቸው የባሕሩ ነው። ምን ላድርግ?"

"ቀስቅሰው! ቀስ ብለህ! ሰው እንዳይሰማ!"

እማዬ አፍጥጣብኛለች። "ማነው?"

"የ... ባቡር መሥሪያ ቤት። አባዬ የኮረብታው ባቡር ላይ ነው።"

"ሆን ብሎ ነው! አላልኩሽም?" አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ "ስልክሽን ከየት አመጡት?"

በመስኮት ወደ ውጭ አየሁ።

ባሕሩ ዳር ደረስን። ያደገችበትን ሰፈር፣ የተማረችበትን ትምህርት ቤት፣ የወደቀችበትን ድልድይ ሁሉ አሳየችኝ። ንፋሱ ነጠላዋን ያርገበግባል። "ይሄኔ አባትሽ ይሳደብ ነበር" አለች፣ ፍዝዝ ብላ። ወይ እማዬ! ከተማዋ አለ፣ የሚያጣጥልላት ሰው ግን የለም።

ያኔ አባዬ ደወለ። "በይ ስጪኝ እናትሽን... አንቺ ሴትዮ፣ ይሄ ከተማ እውነትም ደረጃው በዝቷል።"

እማዬ ስልኩን ከጆሮዋ አንስታ አየችው። የሌላ ሰው ድምፅ መስሏት።

አመሻሽ ላይ አባዬ መጣ። ከኋላው ሻንጣውን ተሸክሞ፣ ኮፍያውን ብብቱ ስር ሸጉጦ... ረጅሙ! "እንግዳ ይዣለሁ፤ ነገ ምሳ አብሮን ይበላል" አለ አባዬ። ሊገድለው ነው? ሊገድለኝ ነው?

እሁድ፣ ሚያዝያ 12

አልገደለንም! እንዴት ብዬ ልጻፈው...

ባሕሩ ፊት ለፊት ምሳ ላይ አባዬ ጉሮሮውን ጠረገ። "ይሄ ልጅ የባቡር ሰው ነው። ግን ሰው ነው። ሌላው ቢሆን ፉርጎው ሙሉ እንዲስቅብኝ ያደርግ ነበር፤ እሱ በጆሮዬ 'አባባ፣ ባቡር ተሳስተዋል፣ አይጨነቁ' አለኝ። ከራሱ ፔርሙዝ ሻይ ቀዳልኝ። ሥራውን ሲጨርስ ከተማውን አብሮኝ ዞረ፣ ደረጃው ላይ ክንዴን ይዞ።" ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ "ላንቺ አስቤዋለሁ።"

ውሃው ትን አለኝ።

"በሉ ተዋወቁ እንጂ!"

ተጨባበጥን። "ማን ልበል?" አልኩት። የረጅሙ ግንባር በላብ ርሷል። ቁጭ ሲል ግን ሎሚውን አንስቶ ሾርባዬ ላይ ጨመቀልኝ። ሳልጠይቀው! የዓመት ልማድ ነዋ! እማዬ ሎሚውን አየች፣ እኔን አየች፣ ከጠረጴዛው ስር ጭኔን ቆነጠጠችኝ።

"ስልክሽን ከየት እንዳመጡት አሁን ገባኝ" አለች፣ በሹክሹክታ። ዓይኗ ይስቃል።

"እና?" አለ አባዬ።

"እስቲ ላስብበት።"

"አስቢ። ግን አታርዝሚው።"

ሰኞ፣ ሚያዝያ 13

ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ ጫማ ቤቱ ጋ ቆምኩ። አባዬ ለጎረቤቱ ልብስ ሰፊ "ባቡር ላይ አገኘሁላት" እያለ ይተርካል። ሰውየው ሲሄድ፣ "አስበሽ ጨረስሽ?" አለኝ።

"ጨረስኩ። እሺ ብያለሁ።"

ራሱን ነቀነቀ፣ መዶሻውን አነሳ። ደጁን አልፌ ልወጣ ስል፣

"ስሚ... የባልደረባሽ ባል ጫማ እንዴት ነው? ሶሉ ያዘለት?"

ረጅሙ ያንን ጫማ አድርጎት ነበር! ባቡሩ ላይ... ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው እግር ላይ! የራሱን ስፌት አያውቅም? ሁለት ቀን ሙሉ ሲጫወትብን! ፊቱን አላዞረም። ትከሻው ግን በሳቅ ይንቀጠቀጣል።

"ይዟል፣ አባዬ።"

"ይይዛል። ድርብ ነው የሰፋሁት።"

ማታ እራት ላይ ጉዳዩ ሰርጉ የት ይሁን ሆነ።

"ኮረብታው ላይ" አለች እማዬ። "ቀስ እያልኩ ብወጣ ደረጃውን እችለዋለሁ።"

"የለም፣ ባሕሩ ዳር ነው!"

"ንፋስ ነው አላልክም?"

"ቬሎዋን ያርገበግብላታል። አንቺ ሴትዮ፣ ለምን ትከራከሪኛለሽ?"

"አንተ ለምን ትከራከረኛለህ?"

"እናንተ ምረጡ" ልል አፌን ከፈትኩ... ቶሎ ዳቦ ጎረስኩበት።