ጅራታም ኮከቧን ያየ ሁለተኛ ሰው

ረቡዕ፣ ሐምሌ 9

ዛሬ የሰፈራችን የትሮይቪል የሰማይ ምርመራ መሥሪያ ቤት፣ ማለትም እኔና ጣሪያው ላይ ያለው የልብስ ማስጫ ገመድ፣ አስቸኳይ ስብሰባ ተቀመጥን። ጅራታም ኮከቧ ከፀሐይ እየራቀች ነውና ብርሃኗ በየቀኑ ይደክማል። ትናንት በመከራ አየኋት። እንደ ስሌቴ ከሆነ ዛሬ በምዕራብ ካለችው ደማቅ ኮከብ በስተግራ መታየት ነበረባት። ሰፈሩ ሁሉ መብራት ጠፋ ብሎ ሲራገም እኔ ብቻ ፈጣሪን አመሰገንኩ፤ ግን በዚያ ጨለማም ምንም አላየሁም። በየማታው የማያትን የምጽፍበት መዝገብ ላይ «አልታየችም» ብዬ ከጻፍኩ ሥራው አለቀ። ከዚያ ወዲያ ሲመሽ ምን እንደምሠራ እንጃ።

ሌላ ዓይን ይፍረድ ብዬ የርቀት መነጽሬን ከደንኩና ወርጄ ባለሱቁን ሽኩርን ጠራሁት። መብራት ስለሌለ ሱቁን ዘግቶ ተከተለኝ። መነጽሩን ተቀብሎ አንጋጠጠ።

«ማሻአላህ! ጋሼ፣ እንዴት ታምራለች!»

«ጅራቷስ?»

«ወይ ጅራት! ማዶ ከተማ፣ እስከ ጀርሚስተን ይደርሳል እኮ።»

ያን ጊዜ ነው የመነጽሩ ክዳን እንዳልተነሳ ያየሁት። ምስኪን፣ ደስ እንዲለኝ ብሎ ነው። ብነግረው አፍሮ ይወርዳል። ስለዚህ ስለ ምህዋሯ አስረዳሁት፤ እሱም ስለ እናቱ ጉልበት ሕመም ነገረኝ። በዚህ ጣሪያ ላይ ሰው ሲያወራ ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ!

መዝገቡ ላይ «አልታየችም» ብዬ ፈርሜያለሁ፤ ሳይንስ አይታማም። ሽኩርን ግን ስሸኘው «ነገ ቀደም ብለህ ና፤ ቶሎ ትጠልቃለች» አልኩት።