ሽማግሌ ያልመለሱት አባት

ቅዳሜ፣ ማርች 12፣ 2011፤ ሲልቨር ስፕሪንግ

አባትየውን የሚጫወቱት ጋሽ ታደሰ ዛሬ ደሜን አፈሉት። ሁለት ዓመት የለፋሁበትን ተውኔት በአንድ ቃል ገደሉት።

አንድ የጥንት የእንግሊዞች ተውኔት ወደኛ ሰው ወግ ሳመጣው፣ ፍቅረኛው ራሱ መጥቶ ልጅቷን ከአባቷ የሚጠይቅበትን ቦታ በሽምግልና ቀየርኩት። ሦስት ሽማግሌዎች ይመጣሉ፤ አባትየው «አልሰጥም» ብሎ ይመልሳቸዋል። ጠቡ ሁሉ የሚነሳው ከዚያ ነው። ዛሬ ልምምድ ላይ ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ «መልስ ሳናገኝ አንቀመጥም» ብለው ሲቆሙ፣ ጋሽ ታደሰ ብድግ አሉና «ተቀመጡ፣ ልጄን ሰጥቻለሁ» አሏቸው። ተውኔቱ በመጀመሪያው ትዕይንት አለቀ።

«ጋሼ፣ ድርሰቱ እንዲህ አይልም» አልኳቸው።

«ደጄ የቆመ ሽማግሌ በጨዋታም ቢሆን አልመልስም። ነገ ዊተን ገበያ ላይ ያገሬ ሰው ሲያገኘኝ ምን ይለኛል?»

ተጯጯህን። ድርሰቱን ጠረጴዛው ላይ ወረወርኩት። ልጅቷን የምትጫወተው ሊዲያ፣ እዚሁ አሜሪካ ተወልዳ ያደገች ናት፣ ከስልኳ ቀና ብላ «ዌይት፣ እኔን የሚጠይቀኝ የለም እንዴ?» አለች። ሰምቻታለሁ። ግን ንዴት ላይ ስለነበርኩ ድርሰቴን ሰብስቤ ወጣሁ።

ቤት ገብቼም አልበረደልኝም። አባትየው እምቢ የሚልበትን አሳይቼ ጋሽ ታደሰን ላሳፍር ብዬ እንግሊዝኛውን ገለጥኩት። እዚያ ልጅቷ መሃል ቆማ ለአባቷ መልሱን ራሷ ትሰጣለች። የኔን ገለጥኩ። ሽማግሌዎቹ ከገቡ ጀምሮ እስኪወጡ ጓዳ ናት፤ አንድም ቃል የላትም።

ጓዳ ያስገባኋት እኔ ነኝ።