ከእኔ ካልመጣ እንዳትከፍቺ

ውድ ዘበኛዬ፣

ይህን በወረቀት የምጽፍልህ ኢሜይልህ ስለተዘጋ ነው። የዘጋሁት እኔ ነኝ። ለምን እንደዘጋሁት ደግሞ ከአንተ በቀር የምነግረው ሰው የለኝም፤ ታላቅ ወንድምህን እንዳታነሳብኝ፣ እሱ እስካሁን እንዳኮረፈኝ ነው። የመሥሪያ ቤትህ ሰዎች "ዘበኛው" ያሉህ ሳታይ ማንም ኮምፒውተር ላይ ምንም እንዲጭን ስለማትፈቅድ ነበር። እኔም ስሙን ወስጄ እጠራህበት ጀመር፤ ጥበቃህን ግን አልወረስኩም።

አንተ የሞትክ ሰሞን እናትህ ልባቸውን ታመው ሆስፒታል ነበሩ። ሐኪማቸው "ድንጋጤ እንዳይነካቸው" አለ፣ ወንድምህ ደግሞ "እስኪበረቱ አይነገራቸው" አለ። እኔ በዚያ ሰሞን ቁሚ ሲሉኝ የምቆም፣ ተቀመጪ ሲሉኝ የምቀመጥ ሰው ነበርኩና እሺ አልኩ። ስልክ ወደማይሠራበት ሩቅ የሥራ ቦታ ተልከሃል፣ ከዚያ ኢሜይል ብቻ ነው የሚላከው ተባለላቸው። ከሆስፒታል እንደወጡ የመጀመሪያ ሥራቸው ኮምፒውተራቸውን ከፍተው ላንተ መጻፍ ሆነ። ዕድሜ ልካቸውን የትምህርት ቤት ጸሐፊ የነበሩ ሴት ናቸው፤ ጣታቸው እንኳን በሕመም በእርጅናም አልዘገየም። መልስ ሲጠፋባቸው ባሰባቸው። ወንድምህ "የይለፍ ቃሉን ታውቂው የለ፣ ሁለት መስመር ጻፊላቸው" አለኝ።

ሁለት መስመር ጻፍኩ። በሳምንቱ ሌላ ሁለት። ከ"እርስዎ" ሌላ ቃል አውጥቼባቸው የማላውቀው ምራት "አንቺ" እያልኩ መጻፍ ነበረብኝ። እጄ አልታዘዝ ብሎ "እንዴት አደሩ" ይጽፋል፤ ደምስሼ "እንዴት አደርሽ" እላለሁ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የእኔው ግን እያደር ከበደኝ። የልብስ ስፌት መኪናዬን አቁሜ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ብዬ ልመልስ እያልኩ አስባለሁ። ጎረቤት ስታጽናናኝ ቆይታ ስትወጣ፣ በሩን ዘግቼ አንተን ሆኜ "ደህና ነኝ፣ ሥራ በዝቶብኝ ነው" እላለሁ። አልቅሼ ልሸኝህ ስል ማክሰኞ ይመጣል፣ የእናትህ ደብዳቤ ይደርሳል፣ ደግሞ አንተን ማስነሳት አለብኝ።

የሚጽፉልህ ግማሹ ስለ እኔ ነበር። "ሚስትህ ምላሷ እንደዚያው ነው? ቻላት፣ ልቧ ደግ ነው" ይሉሃል። ምን ብዬ ልመልስ? "እንደዚያው ናት" አልኩ። ማሳረጊያቸው ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ "አዲስ ፎቶህን ላክልኝ።" ካሜራው ተበላሸ አልኩ። መስመሩ ፎቶ አይችልም አልኩ። ጢሜን ሳልላጭ አልታይሽም አልኩ። ከድጡ ወደ ማጡ ነው።

አሁን የምትቆጣበት ላይ ደረስኩ። ኢሜይልህን በከፈትኩ ቁጥር ወደ ስልክህ የሚላክ የማረጋገጫ ቁጥር ይጠይቀኝ ነበር። አንተ የሌለህበትን ስልክ በየሳምንቱ ቻርጅ ማድረግ፣ ሲበራ ያንን ድምፁን መስማት አልቻልኩም፤ ማረጋገጫውን አጠፋሁት። "ሁለተኛው ቁልፍ ነው፣ አንዱ ቢሰረቅ ሌላው አለ" እያልክ ስንት ቀን አስረድተኸኛል። አንድ ቀን ደግሞ የእኔ ኮምፒውተር እምቢ ሲለኝ ፎቶ ኮፒ ቤት ገብቼ ጻፍኩ፤ ከኋላዬ ወረፋ የያዘው ሰውዬ ሲያጉረመርም አካውንትህን ሳልዘጋ ተነስቼ ወጣሁ። "የሰው ኮምፒውተር ማለት የሰው ጥርስ ብሩሽ ነው" ስትለኝ ስቄብህ ነበር።

ባለፈው ወር አንድ ጠዋት እናትህ ደወሉልኝ። ድምፃቸው የሃያ ዓመት ልጅ ድምፅ ሆኗል።

"ፎቶውን ላከልኝ" አሉ።

"ማን?"

"ማን ይሆናል፣ ባልሽ ነዋ። 'እናቴ፣ ፎቶዬን ለማየት እዚህ ጋ ተጫኚ' ይላል። ስጫን ግን ቀይ ነገር ይወጣና አደገኛ ነው፣ አላስገባም ይለኛል። ያ እሱ የጫነልኝ ጸረ ቫይረስ ነው። ራሱ የቀጠረው ዘበኛ ራሱን አላስገባም አለ እኮ። እንዴት አድርጌ ነው 'ልጄ ነው፣ አስገባው' የምለው?"

መቀሱን ጥዬ ተነሳሁ።

"እማማ፣ እባክዎ አይንኩት።"

"ለምን? 'ከእኔ ካልመጣ እንዳትከፍቺ' ብሎኝ የለ? ይኸው ከእሱ ነው የመጣው።"

"ከእሱ አይደለም።"

"በምን አወቅሽ?"

ይህ ጥያቄ አንድ መልስ ብቻ ነበረው። "እየመጣሁ ነው፣ እስክደርስ ምንም እንዳይነኩ" ብዬ ስልኩን ዘጋሁ።

ከመውጣቴ በፊት የይለፍ ቃልህን ቀየርኩ፤ ሌላ ቦታ ተከፍቶ የቆየውንም ሁሉ አስወጣሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። አንድ የማላውቀው ኮምፒውተር አሥራ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ኢሜይልህ ውስጥ ተቀምጧል። የእናትህን ልመናም የእኔንም ሰበብ አንብቧል፤ ስለዚህ እኔ ስምንት ወር የከለከልኳቸውን ፎቶ ልስጥሽ አላቸው። ከሌባው ይልቅ ራሴን ጠላሁ።

አውቶቡስ ላይ ሁለት ሰዓት ሙሉ ውሸት ስመርጥ ሄድኩ። "አካውንቴ ተሰርቋል ብሎ ነገረኝ" ብላቸው፣ "በምን ነገረሽ? ስልክ አይሠራም አላላችሁም?" ይላሉ። "ኮምፒውተርዎ ተበላሽቶ ነው" ብላቸው ሠሪ ይጠራሉ፣ ሠሪው ከፍቶ ያሳያቸዋል። ዝም ብል ደግሞ ራሳቸው መንገድ ያገኙለታል፤ ላንተ ፎቶ ሲሉ ጸረ ቫይረሱን ነቅለው ይጥሉታል። የልጅነት ፎቶዎችህ በሙሉ፣ አንተው ቁጭ ብለህ ስካን ያደረግካቸው፣ ያሉት እዚያ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው። ዋናዎቹ ጣሪያው ሲያፈስ እንደተበላሹ ታውቃለህ። ሌባው የላከው ቫይረስ ከገባ፣ ገንዘብ ካልተከፈለው ሁሉንም ቆልፎ ያስቀራቸዋል። ብናገር ልባቸው፣ ባልናገር ልጃቸው።

ስደርስ ሰማያዊ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ መነጽራቸውን ወልውለው፣ ለእኔም ከጎናቸው ወንበር አስቀምጠው ይጠብቁኛል። ቀዩ ማስጠንቀቂያ ስክሪኑ ላይ እንዳለ ነው።

"ነይ፣ አብረን እንየው ብዬ ነው የጠበቅኩሽ" አሉኝ።

መጀመሪያ የኢንተርኔቱን ገመድ ነቀልኩ። ከዚያ የልብ መድኃኒታቸውን ከመሳቢያው አውጥቼ በእጄ ያዝኩ።

"እማማ፣ ይሄን የላከው ሌባ ነው። ከዚህ በፊት የነበሩትን የጻፍኳቸው ደግሞ እኔ ነኝ።"

ወደ እኔ አልዞሩም። "እሱስ?" አሉ።

"እሱ ከሞተ ስምንት ወሩ ነው።"

ማውሱን ቀስ ብለው ለቀቁት።

"'ምግብ ሳትበዪ መድኃኒቱን እንዳትውጪ' ያለኝስ?"

"እኔ ነኝ።"

"'ጉልበትሽን በሙቅ ውሃ ያዢው' ያለኝስ?"

"እኔ።"

"እኔም እኮ ይሄ ልጅ ከመቼ ወዲህ ነው እንዲህ አሳቢ የሆነው ብዬ ነበር" አሉና አለቀሱ። እኔም የስምንት ወሩን አለቀስኩ። ልባቸው ቻለው፤ ሐኪሙም ወንድምህም ይችላል ያላሉትን ቻለ። ይቅር አሉኝ ብዬ ግን አልዋሽህም። ሦስት ቀን አብሬያቸው ስሰነብት ያነጋገሩኝ ለምግብና ለመድኃኒት ብቻ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሳህን እያነሳሁ ሳለ፣ "ልጄን ላለቅስለት ሲገባኝ ስምንት ወር አሳቃችሁኝ" አሉ። የሌባውን መልእክት አጠፋሁ፣ ኮምፒውተሩን ከዳር እስከ ዳር አስፈተሽኩት፣ ፎቶዎችህንም በሁለት ፍላሽ ገልብጬ አንዱን ትራሳቸው ሥር አኖርኩ።

በአራተኛው ቀን ጠዋት "ገመዱን መልሺው" አሉኝ። ወንበሩን ስበው ተቀመጡ።

"ዞር በይ።"

ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ቆምኩ። የቁልፎቹ ድምፅ ሩብ ሰዓት ያህል ሳያቋርጥ ተሰማኝ። ከዚያ ቆመ።

"ልኬለታለሁ። አሁን ኢሜይሉን ዝጊው" አሉ።

በስልኬ ኢሜይልህን ከፈትኩ። እናትህ ከጻፉልህ ሠላሳ አንድ ደብዳቤዎች በላይ አንድ አዲስ ተቀምጧል፤ ርዕስ የለውም። ሠላሳ አንዱንም ያነበብኩት እኔ ነኝ፣ አንተ አንዱንም አላየህም። አካውንቱን ለመዝጋት ስጫን "ያልተነበበ መልእክት አለ፤ ሁሉም ይጠፋል፤ እርግጠኛ ነዎት?" ብሎ ጠየቀኝ። ጣቴ ወደ ደብዳቤው መሄድ ፈልጎ ነበር፣ አልደብቅህም። ስለ እኔ ምን እንዳሉህ ማወቅ ፈልጌ ነበር።

እርግጠኛ ነኝ አልኩት። ያቺ አንዷ ላንተ የተጻፈች ናት፤ ሳላነባት ሄዳለች።

ሚስትህ