ሁለተኛ ጊዜ ያመንኩበት ቀን

ውድ ልጄ ኤልሳዕ፣

በሕይወት ያለ አባትህን ጣዖት አምላኪ ነበር ብለህ በቤተ ክርስቲያናችሁ መጽሔት አሳተምከው። ያደረግኸው ይህ ነው። ለዘብ ያለ ስም ልፈልግለት ብዬ ሦስት ሳምንት አሰብኩ፤ አላገኘሁለትም።

መጽሔቱን ማን እንደሰጠኝ ብታውቅ ታፍር ነበር። ኸይሩ ነው፤ ጉኑኖ ገበያ ዳር ያለው ባለሱቅ። ከሶዶ ያስመጣው ሳሙና በአሮጌ መጽሔት ተጠቅልሎ ደርሶት ሲፈታው ፎቶዬን አየ። በደጁ ሳልፍ ጠራኝና ከባንኮኒው ጀርባ ተነሥቶ እጁን ዘረጋልኝ።

«ጋሽ አንጁሎ፣ እንኳን ደስ ያለዎት!»

«በምን?»

«ክርስቲያን ሆነዋላ! ይኸው ተጽፏል።» ሳቀ። ፊቴን ሲያይ ግን ሳቁን ተወ። «ወላሂ ጋሼ፣ እኔ አልገባኝም። ሃያ ዓመት ሙሉ ስኳር ሊገዙ በመጡ ቁጥር ኢየሱስን ተቀበል እያሉ ሲያደርቁኝ የኖሩት እርስዎ አይደሉም? ታዲያ ያኔ ምን ነበሩ?»

መነጽሬን አውጥቼ እዚያው ቆሜ አነበብኩት። «በወላይታ ገጠር ዕድሜያቸውን በሙሉ በባዕድ አምልኮ ያሳለፉ አንድ አዛውንት፣ በአሥራ ሦስት ዓመቷ ብሩክታይት ምስክርነት ተነክተው ጌታን ተቀበሉ» ይላል። ከሥሩ የአንተ ስም አለ። «አንድ አዛውንት» አልክ እንጂ አባቴ አላልክም። ውሸቱ እውነት እንዲመስልልህ መጀመሪያ ልጅነትህን መካድ ነበረብህ።

ነሐሴ ላይ ከመምጣታችሁ በፊት ሶዶ ድረስ ሄጄ በስልክ የነገርኩህን አልረሳህም። «እዚህ ያላመነ ሰው ፈልገህ አታገኝም፤ የወንጌል ጉዞ ካሰባችሁ ቆላ ውረዱ» አልኩህ። አንተም «አባባ፣ ልጆቹ ወባውን አይችሉትም፤ ያለን አራት ቀን ብቻ ነው፤ እርስዎ ግቢ ብናደርገው ምን አለበት?» አልከኝ። ልጅ ከነቤተሰቡ ወደ አባቱ ቤት ልምጣ ሲል አትምጣ አይባልም። እሺ አልኩ።

አምስታችሁም በጀርባው ጥቅስ የታተመበት ቢጫ ካናቴራ ለብሳችሁ መጣችሁ። ጎረቤቶቼ እኔን አክብረው፣ ሥራቸውን ጥለው አቮካዶው ሥር ተቀመጡ። ከመካከላቸው ያልተጠመቀ ሰው አልነበረም። ባለቤትህ ሽታዬ ስትዘምር ሴቶቹ ከእሷ ቀድመው ስንኙን ይጨርሱት ነበር። ያን ጊዜ እንኳ አልገባህም።

ከዚያ ብሩክታይት ተነሣች። ከዚያ በፊት ያየኋት ሁለቴ ብቻ ነው፤ ሁለቱንም ጊዜ ሕፃን ነበረች። አያቷ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ እንደሆነ እንኳ አልነገርካትም። ቋንቋችንንም አላስተማርካትም፤ በአማርኛ ፊደል የጻፍክላትን ወላይትኛ ከወረቀት ታነብ ነበር። አነባበቧ ያስቃል፤ ማንም ግን አልሳቀም። በመጨረሻ «ጌታን የሚቀበል ተነሥቶ ወደ እኔ ይምጣ» አለች።

የተነሣ የለም። ደግማ ጠራች። አሁንም የለም።

ሰዎቹ ክፉ ሆነው አይደለም። እኛ ዘንድ አንዴ ያመነ ሰው እንደ አዲስ አምናለሁ ብሎ አይነሣም፤ መጀመሪያ የያዘውን እምነት እንደ መካድ ይቆጠራል። ይህን ደንብ በዚህ አጥቢያ ያወጣሁት እኔ ነኝ። የሰባኪ ድምፅ ባማረ ቁጥር ብድግ የሚለውን ስንቱን «ተቀመጥ፣ ጌታ አንዴ ሰምቶሃል» እያልኩ ወደ ቦታው መልሻለሁ። ስለዚህ ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ።

ሦስተኛ ስትጠራ ድምፅዋ ተሰበረ። ዞራ አንተን አየችህ። አንተ ካሜራህን ታስተካክላለህ። ከንፈሯን ስትነክስ ሳይ እናትህን መሰለችኝ።

ተነሣሁ።

ፊቷ ሄጄ ተንበረከክሁ። እጇን ራሴ ላይ ጫነች፤ እንደ በረዶ የቀዘቀዘ ነበር። ወላይትኛው ጠፋትና በአማርኛ ጸለየች። ጨርሳ ስነሣ፣ አብሮኝ በሽማግሌነት የሚያገለግለው ቦሼ በቋንቋችን «አንጁሎ፣ ዛሬ ገና ዳንክ? ታዲያ እኔን ያጠመቀኝ ማን ሊሆን ነው?» ብሎ ጮኸ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እሷ ግን በእኔ መዳን የተደሰቱ መስሏት አብራቸው ሳቀች። እንባዋ ገና ጉንጯ ላይ ነበር።

«ዝም በል፣ ልጅቷ ትስቅ» አልኩት።

በመንገድ ላይ፣ ወይ ቤታችሁ ስትደርሱ፣ እውነቱን ቀስ ብለህ ትነግራታለህ ብዬ ነበር። አንተ ግን ፎቶዬን ይዘህ ወደ መጽሔቱ ሄድክ።

«ባዕድ አምልኮ» ያልከውን እኔ ከመጽሐፍ አላወቅሁትም። አባቴ ጠንቋይ ነበር። ሰው ከቦምቤ ድረስ በግ እየጎተተ ይመጣለት ነበር። እኔ የመጀመሪያ ልጁ ነኝ፤ ወንበሩን ሊያወርሰኝ ነበር። በሃያ ዓመቴ አመንኩ ስለው ከቤቱ አስወጣኝ። ሲሞትም አንጁሎ አፈር እንዳይጥልብኝ ብሎ ተናዞ ሞተ። ወንድሞቼ ሲቀብሩት እኔ ማዶ ቆሜ አየሁ። ይህ እምነት አባቴን የከፈልኩበት ነገር ነው፣ ኤልሳዕ። አንተ በአንድ መስመር ወደዚያ ቤት መልሰህ አስገባኸኝ።

ወሬው ከኸይሩ ሱቅ ወጥቶ አጥቢያችን ለመድረስ ሁለት ቀን አልፈጀበትም። ቦሼና የአጥቢያው ጸሐፊ ገብረአማኑኤል መጽሔቱን ይዘው ቤቴ መጡ። በዚህ ጊዜ ቦሼ አልሳቀም።

«እዚህ ላይ አንድ ሰው ዋሽቷል» አለ። «ወይ ልጅህ ነው፣ ወይ አንተ ነህ። የቱ ነው?»

«አንተ እዚያው ነበርክ፣ ቦሼ።»

«እኔ እንደነበርኩ አውቃለሁ። ወጣቶቹ አልነበሩም። ጋሽ አንጁሎ እስከ አምና ድረስ በድብቅ ያመልክ ነበር እያሉ ነው። ያጠመቅኸው ሰው ጥምቀቴ ጥምቀት ነው ወይ ብሎ ቢጠይቀኝ ምን ልበለው?»

ገብረአማኑኤል «ጋሼ፣ አንድ ወረቀት ይጻፉ» አለኝ በትሕትና። «የተባለው ሐሰት ነው ብለው ይፈርሙ። እኛ ማኅተም አድርገን ለልጅዎ ቤተ ክርስቲያን እንልካለን። እነሱ ያርማሉ፤ ነገሩም ያልቃል።»

ጻፍኩ። ስምህን ጠርቼ፣ የሆነውን ሁሉ ዘርዝሬ፣ አንድም ሳልቀንስ ጻፍኩ። ማኅተም ተደረገበት። በማግስቱ በፖስታ ልልከው ራሴ ሶዶ ሄድኩ። በአጥቢያችን የፖስታ ሣጥን ውስጥ በእኔ ስም የመጣ ደብዳቤ ቆየኝ። የብሩክታይት ነበር። ደጃፉ ላይ ካለው አግዳሚ ተቀምጬ አነበብኩት።

ለጥምቀት ትምህርት እየተማረች እንደሆነ ጻፈችልኝ። አስተማሪዋ እያንዳንዱን ልጅ ለምን እንዳመነ ጠይቆ ነበር። የመለሰችውን በእሷ ቃል ልጻፍልህ፤ አንተ ይህን የምታውቅ አይመስለኝም።

«አባባ፣ እውነቱን ልንገርዎት። ያን ቀን እዚያ ከመቆሜ በፊት አባዬ ስላለኝ ብቻ ነበር የምጸልየው። የሚሰማ ሰው እንዳለ አላምንም ነበር። ሁለቴ ጠርቼ ሁሉም ዝም ሲለኝ በልቤ፣ ካለህ አንድ ሰው ብቻ አስነሣ፣ አለዚያ ከእንግዲህ አልጸልይም አልኩት። ከዚያ እርስዎ ተነሡ። ለአስተማሪዬ ይህን ነገርኩት። ከፋሲካ በኋላ ስጠመቅ እንዲመጡና አጠገቤ ቆመው እንዲመሰክሩልኝ እፈልጋለሁ።»

ሁለቱን ፖስታዎች ጭኔ ላይ አድርጌ ፖስታ ቤቱ እስኪዘጋ ተቀመጥኩ።

በደርግ ጊዜ ሶዶ ስታሰር ፈርም ያሉኝ አንድ መስመር ነበር፤ ከእንግዲህ ሰው በቤቴ አልሰበስብም የሚል። ብፈርም በዚያው ቀን እወጣ ነበር። ሁለት ዓመት ተቀመጥኩ። እናትህ ስትለምነኝ እንኳ አልፈረምኩም። ያልሆነ ነገር በስሜ ተጽፎ አይቀመጥም ብዬ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ፊደል የቆጠርኩትም ሌላ ሰው በስሜ የሚጽፈውን አንብቤ እንድይዘው ብዬ ነው።

ማኅተም ያለበትን ወረቀት ቀድጄ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

ለቦሼ «አልላክሁም» አልኩት። ለምን ሲለኝ ዝም አልኩ። ብነግረው ኖሮ ደግ ሰው ስለሆነ ያዝንልኝ ነበር፤ ለአንድ ሰው ይነግር ነበር፤ ያ ሰውም ለአንድ። ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ። እስካስተካክል ድረስ ከአገልግሎት እንድቆም ወሰኑ። የጌታን እራት የሚያድሉት ሌሎች ናቸው፤ እኔ ከበሩ አጠገብ፣ መጨረሻው አግዳሚ ላይ እቀመጣለሁ። ቦሼ ሰላምታ ይሰጠኛል። ቤቴ መምጣቱን ግን ትቷል።

አሁን አንተ የምታደርገውን ልንገርህ።

ለልጅህ ምንም አትነግራትም። ንስሓ ገባሁ ብለህ፣ ሕሊናዬ ወቀሰኝ ብለህ፣ ጸጸትህን እሷ ላይ አታራግፍም። ያን ለማድረግ ጊዜው በመንገድ ላይ ሳላችሁ ነበር። አሁን የጸጸትህ ዋጋ የእሷ እምነት ነው፤ እንድትከፍል አልፈቅድልህም። መጽሔቱንም አታርም።

ጥምቀቷ ላይ አልመጣም። ዝም ማለት እችላለሁ፤ ሕዝብ ፊት ቆሜ አዎን ያን ቀን አመንኩ ብዬ በአፌ ማለት ግን አልችልም። እስከዚያ አትውሰደኝ። አያትሽ አርጅቷል፣ መንገዱን አይችለውም በላት። ሰባ አንድ ዓመቴ ነው፤ ይህም ቢያንስ ውሸት አይሆንብህም። በውኃው ውስጥ ስትቆም ፎቶ አታንሣት። እጅህን ይዛ እንድትወጣ ሁለቱንም እጅህን ባዶ አድርግ።

ይቅር ብዬሃለሁ አልልህም፤ ገና አላልኩም፤ ያላልኩትን አልጽፍም። ልትለምነኝ ብለህ አትምጣ። አባትህን ልታይ ከመጣህ በሩ ክፍት ነው። ቦዬ ከጓሮ ተቆፍሮ ይቀቀልልሃል፤ ስለ ዝናቡና ስለ ልጆችህ እንጫወታለን። ይህን ነገር ያነሣህ ዕለት ግን ተነሥቼ እወጣለሁ።

ለሽማግሌዎች አፌን ዘግቻለሁ፤ ለኸይሩም ዘግቻለሁ። ብሩክታይትም አንድ ቀን አድጋ፣ ከሌላ ሰው ሰምታ መጥታ፣ ፊቴ ተቀምጣ «አባባ፣ እውነት ነው?» ብትለኝ፣ አፌን ከፍቼ አልመልስላትም። ከዚህ ደብዳቤ በኋላ ስለዚህ ነገር አንድ ቃል አይወጣኝም።

አባትህ አንጁሎ
ጉኑኖ፣ መጋቢት 1999 ዓ.ም.