ያ ማክሰኞ ኔትወርኩ አልነበረም

አሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ፤

ለምወድሽና ለማከብርሽ እህቴ ለዐዚዛ፤ እንደምን ሰነበትሽ እታለም? ጤናሽ እንዴት ነው? ቀን ሙሉ ቆመሽ የምትውይበት እግርሽስ ማበጡን ተወልሽ? ባለቤትሽ ጃቢር ደህና ነው? ኢምራን ጥርሱን ነቅሎ ጨረሰ ወይስ አሁንም ክር ይዘሽ ታባርሪዋለሽ? የአዲ አርቃይ ሙቀትስ ዘንድሮ እንዴት ይዟችኋል? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እናታችን ጉልበቷን አልፎ አልፎ ከሚይዛት በቀር ደህና ናት። ወንድማችን ያሕያም ሱቁን ከፍቶ እየዋለ ነው። ጎንደር ዝናቡ ቀድሞ ገብቶ ፒያሳ በባጃጅ ጭቃ ተለስኗል። እኔም ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ያልኩት ግን ለሰላምታ ወግ ያህል ነው፤ እውነቱን ከዚህ በታች ታገኚዋለሽ።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንደምትዪ አውቃለሁ። ሁለት ጊዜ ደውዬልሽ ነበር። ሁለቱንም ጊዜ ድምፅሽን ስሰማ ልናገር የነበረውን ትቼ ስለ ዝናቡ አወራሁሽ፤ ምነው ድምፅሽ ስትዪኝም ጉንፋን ነው ብዬ ዘጋሁት። ጉንፋን የለብኝም። ወረቀት ምነው ድምፅሽ ስለማይለኝ ለእርሱ መናገር ይቀለኛል ብዬ ነው።

ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ ጤና ጣቢያችሁ ውስጥ የእናቶች ካርድ ከኮምፒውተሩ አልከፈት ብሎሽ ግማሽ ቀን ኔትወርኩን ስትረግሚ ዋልሽ። ኔትወርኩ ምንም አላደረገሽም እታለም። የዘጋሁብሽ እኔ ነኝ።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳሽ። አንቺ ጠረጴዛ ላይ ያለው ማሽን መስኮት ብቻ ነው፤ ካርዱን የሚይዘው ኮምፒውተር ያለው እዚህ ጎንደር፣ እኛ ቢሮ ነው። እርሱም ቢሆን በእጅ የሚዳሰስ አካል የለውም። ሰርቨር የሚባል አንድ ትልቅ ማሽን አለን፤ በውስጡ በፕሮግራም ብቻ የተሠሩ ዘጠና ያህል ኮምፒውተሮች አሉ፤ ለየጤና ጣቢያው አንድ አንድ። ምናባዊ እንላቸዋለን። እናታችን ይህን ብነግራት፣ ደሞዝ የሚከፍሉሽ ጅን እንድትጠብቂ ነው እንዴ ብላ ስቃብኛለች። ዘጠናውን አንድ በአንድ ማዘዝ ስለማይቻል በምድብ እናደርጋቸዋለን፤ የሰሜን ወረዳዎች ምድብ፣ የእናቶች ክፍል ምድብ፣ የሙከራ ምድብ እያልን። ምድቡን ስታዝዢው አባላቱ ሁሉ ይታዘዛሉ።

ይህ ሁሉ የሚመራበትን የአሠራር ሰነድ እንድጽፍ የታዘዝኩት እኔ ነኝ፤ ስድስት ወር ሙሉ የከረምኩት በእርሱ ነው። አንድ ማሽን በሁለት በሦስት ምድብ መግባት ይችላል የሚለውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ምድብ ሲዘጋ አባላቱ አብረው ይዘጋሉ፣ ምድብ ሲሰረዝም አብረው ይሰረዛሉ የሚለውን ያስገቡት ደግሞ አለቃዬ ጋሽ ታከለ ናቸው። ለየብቻቸው ሲነበቡ ሁለቱም ደህና ናቸው። አንድ ላይ ሲሆኑ ግን አንዱን ምድብ ስትዘጊ፣ በሌላው ምድብ ሥራ ላይ ያለው ማሽን ማንም ሳያስብ አብሮ ይሄዳል።

ይህን አላየሁም ብል ውሸት ነው። በእኛ ቢሮ ሰነድ ከመጽደቁ በፊት ሁሉም በተሰበሰበበት ከዳር እስከ ዳር ጮክ ተብሎ ይነበባል፤ የሚያነበውም በዕድሜ ታናሽ የሆነው ነው፣ ማለትም እኔ። ስለ መዝጋቱ የሚለው አሥራ አራተኛው አንቀጽ ላይ ስደርስ ቆም አልኩ። ጋሽ ታከለ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው፣ እርሱ የበሰለ ነው፣ እለፊው ልጄ አሉኝ። አለፍኩት። ታውቂያቸው የለ፤ ሥራውን ከሀ ጀምሮ ያስተማሩኝ፣ አባታችን ሲሞት ሦስት ቀን ሙሉ ከድንኳናችን ያልወጡ ሰው ናቸው። በሐምሌ ጡረታ ይወጣሉ፤ ይህ ሰነድም የመጨረሻ ሥራቸው ነው። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ተሳስተዋል ልበላቸው? ይሉኝታ ያዘኝ። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት የነበረብኝ ያኔ ነበር።

የባሰው ጥፋት ግን የእኔ ብቻ ነው። አዲሱ አሠራር ሰነዱ ሳይጸድቅ በሙከራ ሲጀመር የእህቴ ጤና ጣቢያ ይቅደም ብዬ፣ ማንንም ሳላማክር የአዲ አርቃይን ማሽን ሙከራው ምድብ ውስጥ አስገባሁት። ከደባርቅ በፊት ለእኛ ደረሰን ብለሽ ስትደሰቺ እንዴት ኮርቼ ነበር! ሙከራው ሲያልቅ ማውጣት ነበረብኝ፤ ረሳሁት። ማክሰኞ ጠዋት ባልደረባዬ ምናለ የሙከራውን ምድብ ዝጋው ተባለ፤ እርሱም ሰነዱ እንደሚለው ዘጋው። ምናለ ምንም አላጠፋም። የአንቺ ማሽን አብሮ መዘጋቱን ያየሁት ከቀትር በኋላ ነው። ደግነቱ ዝጋው እንጂ ሰርዘው አልተባለም፤ ሰርዘው ቢባል ኖሮ የእናቶችሽ ካርድ ሁሉ ላይመለስ ሄዶ ነበር።

ስለዚያች ወላድ፣ ስለ ይመኙሽ የነገርሽኝ ከጆሮዬ አልወጣ አለ። ከወለደች በኋላ ደሟ አልቆም ሲል ካርዷን ለማየት ሮጠሽ ባዶ ማሽን ማግኘትሽ፣ የደም ዓይነቷንም ባለፈው ወሊድ የሆነችውንም ሳታውቂ፣ በአምቡላንስ ሊማሊሞን አውጥተሽ ወደ ደባርቅ መላክሽ። ተርፋለች፤ አልሐምዱሊላህ። አንቺ ግን እጄ ላይ ልትቀር ነበር ብለሽ አለቀስሽ፤ እኔ ደግሞ ኔትወርክ እንዲህ ነው እንግዲህ ብዬ አጽናናሁሽ። እንዴት አፌ አልተሳሰረም? ከዚያ ቀን ወዲህ እህል አይወርድልኝም። የቢሮው ስልክ በጮኸ ቁጥር የሌላ ጤና ጣቢያ እንዳይሆን እያልኩ ከሁሉ ቀድሜ አነሳዋለሁ።

ያንቺን ማሽን ወዲያው ከፍቼ ከሙከራው ምድብ አውጥቼዋለሁ። ግን አሁንም የሰሜን ወረዳዎችም የእናቶች ክፍልም አባል ነው፤ እንደርሱ ያሉ ሌሎች ሠላሳ አንድ ማሽኖችም አሉ። ሰነዱ ሰኞ ይፈረማል። አንዴ ከጸደቀ ደግሞ ለማስተካከል ዓመት ይፈጃል።

ሐሙስ ዕለት ልነግራቸው ጋሽ ታከለ ቤት ሄድኩ። ባለቤታቸው ወይዘሮ እጅጋየሁ ዳቦና ሻይ አቀረቡልኝ። ጋሽ ታከለ ለሽኝታቸው ያሰፉትን ሙሉ ልብስ ለብሰው አሳዩኝ፤ እጅጌው ረዝሟል እንዴ ብለውም ጠየቁኝ። ልክ ነው አልኳቸው። እርሱንም ዋሸሁ፤ ረዝሟል። ሻዬን ጠጥቼ ወጣሁ።

ትናንት ግን ከጁምዓ በፊት ሁሉንም በአንድ ገጽ ጻፍኩት፤ የእርሳቸውን አንቀጽ፣ የእኔን አንቀጽ፣ አዲ አርቃይን ለዘመድ ብዬ ማስቀደሜን፣ ማክሰኞንም ጭምር። በሌላ ምድብ ሥራ ላይ ያለ ማሽን ከተገኘ ትእዛዙ ይቁምና ሰው ይጠየቅ የሚል መፍትሔም ጨመርኩበት። ፖስታ ውስጥ ከትቼ ጠረጴዛቸው ላይ ተውኩት። ዛሬ ደወሉልኝ። ሰኞ ከስብሰባው በፊት ቢሮዬ ነዪ ብለው ዘጉት። ልጄ አላሉኝም። ሳይሉኝ ሲቀሩ ይህ የመጀመሪያው ነው።

ተቆጥተው ይሁን አዝነው አላውቅም። ለዘመድ አደላች ተብዬ ከሥራዬ ልባረርም እችላለሁ፤ ለእናታችን ገና አልነገርኳትም፣ አንቺም እንዳትነግሪያት። ሰነዱ ላይ አዘጋጅ ተብሎ የሚፈረመው በእኔ ስም ነው፤ አንቀጹ ሳይስተካከል አልፈርምም። ዱዓ አድርጊልኝ። ይቅርታሽንም እለምንሻለሁ፤ ቶሎ ካልመጣልሽ እጠብቃለሁ።

እስከዚያው አንድ አደራ አለኝ። ያን በእጅሽ የምትጽፊበትን ወፍራም መዝገብ፣ ሙዚየም ይግባ እያልኩ ስስቅበት የነበረውን፣ እንዳትጥዪው። የእያንዳንዷን እናት የደም ዓይነት በእጅሽ ጻፊ። ኮምፒውተሩ ደህና ነው ብልሽም ጻፊ። ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልሽ የጃቢርን መኪና የሚነዳው ሐዲስ አንድ ያልተነካ መዝገብና ስድስት እስክሪብቶ ይዞልሻል፤ ቆጥረሽ ተቀበዪው።

ለጃቢር ሰላምታዬን አቅርቢልኝ። ኢምራንን ጉንጩን ሳሚልኝ፤ ጥርሱን ለአክስቱ እንዲያስቀምጥም ንገሪው። ለአማትሽ ለእትዬ ሰኪና ጤና ይስጥልኝ በያቸው። አብራሽ ለምትሠራው ለልዕልትም ሰላምታ አለኝ። እናታችን ዱዓዋን ትልክልሻለች፤ ያሕያም እንዲሁ።

ይመኙሽ ልጇን ለማስከተብ ስትመጣ ለእርሷም ሰላም በዪልኝ። ማን ናት ብትልሽ አትደብቂያት፤ ያን ቀን ካርድሽን የዘጋችብሽ እህቴ ናት በያት።

ታናሽ እህትሽ ፈህሚያ

ጎንደር፣ ቅዳሜ ግንቦት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.