ፈረስ የተፈረደባት ባለሁለት ወንበር መኪና

ለተከበሩ ጓድ ጉልላት
የከተማ ተሽከርካሪዎች መደባ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
አዋሳ

ጉዳዩ፦ ለአንዲት ትንሽ መኪና ስለታዘዘላት ፈረስ ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን፣ የባለቤትዎን የወይዘሮ ሙሉዬን፣ እንዲሁም የቢሮዎን ጂፕና የአራቱን ጎማዎቿን ጤንነት በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። እኛ የክሊኒኩ ሠራተኞች በመመሪያዎ ጥላ ሥር ደኅና ነን፤ ፈረሱም ደኅና ነው። ይህን ደብዳቤ በክሊኒካችን የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለሕዝብ መለጠፌ እርስዎን ለማሳጣት እንዳይመስልዎ። ቀደም ብዬ በመዝገብ ቤትዎ በኩል ያስገባኋቸው ማመልከቻዎች "በመታየት ላይ" መሆናቸውን ጸሐፊዎ በተገናኘን ቁጥር ስለምትነግረኝ፣ ዕይታቸውን ላለመጋረድ ብዬ ነው።

ስሜ ደረሰ ኩማ ይባላል። አምና በሜካኒካል ምሕንድስና ተመርቄ ወደዚህች ከተማ የተመደብኩ፣ የክሊኒኩን ጄኔሬተርና የውኃ ፓምፕ፣ ሲቸግርም የጽሕፈት መኪናውን የምጠግን ወጣት ነኝ። በምረቃችን ዕለት አገር የሚለወጠው በእናንተ እጅ ነው ተብለን ነበርና፣ አገሩን ከየትኛው ጫፍ ልጀምረው እያልኩ ስቁነጠነጥ ዕድል ቀናኝ፤ መኪና ምረጥ ተባልኩ።

መኪናዋ የምትገዛው ለአዋላጃችን ለሲስተር ታቢታ ነበር። ሲስተርን የማያውቅ አዋሳ ውስጥ የለም። በልጅነታቸው የታመመው እግራቸው እያስነከሳቸው፣ ከመሃል ከተማ እስከ ቱላ ምጥ የያዛት ሴት ባለችበት ሁሉ የሚደርሱት እሳቸው ናቸው። ወደ አገሩ የተመለሰ አንድ የውጭ ሐኪም ለመጓጓዣቸው የሚሆን ገንዘብ ትቶልን ሄዶ ነበር። እኔም አሰላሁ። ጂፕ ብገዛ የቤንዚን ኩፖናችን የወሩን አጋማሽ አያሻግራትም፤ የሰፈሮቻችን መተላለፊያዎችም አያስገቧትም። ሞተር ቢስክሌት እንዳልል የሲስተር እግር አይፈቅድም፤ ደግሞስ ምጥ የያዛት ሴት ከኋላ ተፈናጣ ትምጣ? ስለዚህ በቢሮዎ በር ላይ የተጻፈውን "ነዳጅ ይቆጠብ" የሚለውን መፈክር በልቤ ይዤ አዲስ አበባ ወጣሁና ከአሮጌ መኪና ነጋዴዎች መካከል ፈልጌ አገኘኋት። ሁለት በር፣ ሁለት ወንበር፣ ሞተሯ ከስፌት መኪና ትንሽ ከፍ የሚል፣ ብትሮጥ ብትሮጥ አርባ ኪሎ ሜትር የማታልፍ። አንዱ ወንበር ለሲስተር፣ ሌላው ለወላዷ። በከተማ ውስጥ ከአርባ በላይ የሚበር ሰው መቼም ወይ ሌባ ነው፣ ወይ ስብሰባ የረፈደበት ነው።

ታርጋ ልናወጣላት ስንቀርብ ግን የእርስዎ አርቆ አሳቢነት ተገለጠ። ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ።

፩. ስለ መደባው። የመደባ ኮሚቴዎ ጠዋት የጀመረውን ውይይት ከምሳ በኋላም ቀጥሎ፣ በመጨረሻ የደረሰበትን ውሳኔ በሩ አጠገብ ቆሜ የመስማት ክብር አግኝቻለሁ። ከነጂው ሌላ አንድ ሰው ብቻ ስለምትይዝ መኪና አይደለችም፤ አንድ የኮሚቴ አባልም "ታዲያ አጃቢ የት ሊቀመጥ ነው?" ሲሉ መጠየቃቸው ነገሩን አጥብቆታል። በር ስላላት ሞተር ቢስክሌት አይደለችም። ከአርባ አምስት ኪሎ ሜትር በታች የሚሄድ ሁሉ ደግሞ በመመሪያው ጋሪ ነው፤ ስለዚህ ጋሪ ናት። አንድ ሌላ አባል ፈራ ተባ እያሉ "ሞተር አላት እኮ፣ ጓድ" ሲሉ፣ እርስዎ "ሞተሩ ይጥፋ!" ብለው ችግሩን ከሥሩ ነቀሉት። እኔ ስለ ሞተር ስማር ስንት ክረምትና በጋ አሳልፌ እንዲህ ያለ አጭር መፍትሔ ያስተማረኝ አንድም መምህር አልነበረም።

፪. ስለ ፈረሱ። ጋሪ ከሆነች ዘንድ ፈረስ ይኑራት፣ ደወል ይንጠልጠልባት፣ ፒያሳ በጋሪ ማቆሚያው ትቁም፣ ሞተሯ በከተማ ክልል ውስጥ ፈጽሞ አይነሣ፤ ጤናማ ፈረስ እስክታቀርብም ከክሊኒኩ በር እንዳትንቀሳቀስ ተባለ። አቤት ልል ወደ ጋሪዎች ማኅበር ሊቀመንበር ወደ አቶ ሙህዲን ሄድኩ። አቶ ሙህዲን መጥተው ዙሪያዋን ዞሩ፣ ጎንበስ ብለው ከሥሯም አዩና "ልጄ፣ ይቺ እኮ ታርጋ ሳይሆን ጭራ ነው የጎደላት" አሉኝ። ባለጋሪዎቹ ሁሉ አውካኩ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። የሳቅሁት እስከ ማክሰኞ ነው።

፫. ስለ ማክሰኞ። ይህን ተራ ቁጥር እንደሌሎቹ በጨዋታ ልጽፈው ሞክሬ አልሆነልኝም፤ ይቅርታዎን እለምናለሁ። ቱላ ውስጥ ብርቅዬ የምትባል ልጅ-እግር እናት ምጥ ጠንቶባታል ብሎ ሰው እያለከለከ መጣ። መኪናዋ ቤንዚኗን ጠጥታ በሩ ላይ ቆማለች፤ ዘበኛችን ደግሞ የእገዳ ወረቀትዎን ይዞ ፊት ለፊቷ ቆሟል። ሲስተር ቦርሳቸውን ታቅፈው ጋሪ ሲጠብቁ፣ የተገኘውም ጋሪ በጭቃው ሲንፏቀቅ፣ ብርቅዬ በጎረቤት እጅ ወለደች። ሕፃኑ ደኅና ነው። እሷ ግን ብዙ ደም ፈሷት እስከ ዛሬ ከክሊኒካችን አልጋ አልተነሣችም። ሲስተር አጠገቧ ቁጭ ብለው "ትንሽ ቀደም ብዬ ብደርስላት ኖሮ" ከማለት ሌላ ቃል አልወጣቸውም። እርስዎ በዚያ ቀን ስለ ትራንስፖርት ቅልጥፍና ንግግር ሲያደርጉ መዋልዎን ሰምቻለሁ፤ ጭብጨባው የደመቀ እንደነበርም ተነግሮኛል።

፬. ስለ ታዛዥነታችን። በማግስቱ አቶ ሙህዲን፣ ያ ሁሉ ሳቅ ጠፍቷቸው፣ ዳማ ፈረሳቸውን ከነጤና ወረቀቱ ይዘው መጡ። ከፊት መከላከያዋ ላይ ሁለት አጣና አሰርን፣ ልጓሙን በመስኮት አስገብተን ለሲስተር አስጨበጥን፣ ደወሉንም እንደ ትእዛዝዎ አንጠለጠልን። በፒያሳ ስናልፍ ካፌ ውስጥ የነበረው ሕዝብ ማኪያቶውን ትቶ ወጣ። አንዱ "ሲስተር፣ ነዳጅ ትበላለች እንዴ?" ቢላቸው፣ "ገብስ ነው የምትበላው፣ ወንድሜ!" ብለው በመስኮት መለሱለት። ፈረሱ ባሕርዩ መልካም ነው፤ ሣር ባየ ቁጥር ከመቆሙ በቀር። ሲቆም ማርሽ ብንቀይርለት አይሰማም፤ ሲሮጥ ፍሬን ብንረግጥለት ይቀየማል።

አምስተኛም ነበረኝ፤ የሚወዱኝ ጓደኞቼ "አርፈህ ጄኔሬተርህን ጠግን" ብለው ስለመከሩኝ ትቼዋለሁ።

እንግዲህ የማመለክተው አንዲት ነገር ናት፤ መኪናዋ ታርጋ ተሰጥቷት በሞተሯ ትሂድ። ይህ ለኮሚቴው ከከበደ፣ ፈረሱ በደከመው ጊዜ ብቻ ሞተሯን የምናስነሣበት ፈቃድ ይጻፍልን። ምጥ ለስብሰባ ቀጠሮ አይሰጥም። እኔም ገና ወጣት ነኝና አገር ይለወጣል የተባልኩትን አምኛለሁ፤ ቢያንስ ከክሊኒካችን በር እስከ ቱላ ድረስ።

ፍጥነቱ ከአርባ ኪሎ ሜትር በማያልፍ፣ ነገር ግን መንገድ ላይ በማይቆም አክብሮት፣

የጋሪዋ መሐንዲስ
ደረሰ ኩማ

ከፊርማ በኋላ የተጨመረ፦ ይህን ደብዳቤ ልለጥፍ ሙጫ እየፈለግሁ ሳለ፣ ዛሬ ጠዋት የቤት ሠራተኛዎ እየሮጠች መጣች። ወይዘሮ ሙሉዬ ምጥ ይዟቸዋል፤ ጂፗ ደግሞ እርስዎን ይዛ ለመስክ ጉብኝት ወጥታለች። ሲስተር ታቢታና እኔ በሕጋዊው ጋሪ ደጃፍዎ ደረስን። ሲስተር ወይዘሮ ሙሉዬን መርምረው "አሁኑኑ ክሊኒክ!" አሉ። ወይዘሮ ሙሉዬ በሁለተኛው ወንበር ላይ እንደተቀመጡ፣ ፈረሱ በአጥርዎ ላይ የተንዠረገገውን ሐረግ አይቶ ንቅንቅ አልል አለ። በዚያች ቅጽበት ወይዘሮ ሙሉዬ ስለ መደባ ኮሚቴው የሰጡት አስተያየት ጠቃሚ ቢሆንም፣ በሰሌዳ ላይ የሚለጠፍ ዓይነት አይደለም። እኔ ፈረሱን ፈትቼ ከበርዎ አሰርኩት፤ ሲስተር ቁልፉን አዞሩ። ሴት ልጅ ናት፤ እናትም ልጅም ደኅና ናቸው፤ እንኳን ደስ ያለዎ። ሞተሩን በከተማ ክልል ውስጥ ስላስነሣን ለሚጣልብን ቅጣት ዝግጁ ነን። የዓይን ምስክር ካስፈለገዎ ወይዘሮ ሙሉዬ ከመነሻው እስከ መድረሻው ከሲስተር አጠገብ ነበሩ፤ ለመመስከርም እርስዎ እስኪመለሱ ቸኩለዋል። ፈረሱ ግን እስካሁን ደጃፍዎ ላይ እንደታሰረ አጥርዎን እየበላ ነው። እባክዎ ሲመለሱ እንዳይቆጡት፤ ከሁላችንም መካከል ዛሬ መመሪያዎን ሳይጥስ የዋለው እሱ ብቻ ነው።