ወፍራሙ ፊውዝ

ጥቅምት 9፣ ቅዳሜ፣ ከጠ. 2 ሰ.
ሜዳው ላይ ነኝ። ከጭሮ ስወጣ በርዶኝ ነበር፤ እዚህ ከሚኤሶ በታች ገና በጠዋቱ ላብ በላብ። የዛሬ ሥራ፦
– የዳር ድንጋዮች፣ ኖራ የተቀቡት፦ አሉ። አንዱ ተገልብጧል። አቃናሁ።
– የከርከሮ ጉድጓድ፦ አዲስ ሁለት። ደፈንኩ።
– እሾህ፦ ለቀምኩ።
– የነፋስ ማሳያው ከረጢት፦ ተቀዷል። ይሠራል።
– ገመድ፦ ከጫፍ እስከ ጫፍ በእጄ ዳሰስኩ። ደህና።
– የዊንቹ፣ የገመድ መጠቅለያው ሞተር፣ ዘይትና ውሃ፦ ሙሉ።
ገና አንበርም። ግመሎቹ ወደ ገበያ እያለፉ ነው። ሜዳው ለበረራ ማኅበራችን ሲሰጥ የገባነው ውል ነው፤ በገበያ ቀን የመጨረሻዋ ግመል ሳታልፍ ገመድ አይዘረጋም። የአካባቢው ሽማግሌ ኦቦ ሙሜ ጥላ ስር ቁጭ ብለው ያያሉ። ሲያልቅ ከዘራቸውን ያነሳሉ። እስከዚያ መጠበቅ። ገና ምንም ሳንሠራ ደክሞኛል።

ያው ቀን፣ 10 ሰ.
ደብተሬ፣ ጽሑፌን ታገሺኝ። ዛሬ ፊውዝ ሁለቴ ተበጠሰ። ሁለቴም ቤዛ ላይ። ልጄ ላይ።
ፊውዝ እንላታለን እንጂ ጣት የምታህል ብረት ናት፤ ገመዱን ከግላይደሯ ጋር የምታያይዘው። ግላይደሯ ሞተር የሌላት አውሮፕላን ናት። እኔ ሜዳው ጫፍ ላይ ሆኜ በዊንቹ ገመዱን እጠቀልላለሁ፣ እሷ ሽቅብ ትወጣለች። ገመዱ ድንገት ቀለለኝ። ቀና ስል የግላይደሯ አፍንጫ ወደ ሰማይ፣ ገመድ የለም። አቤት። ከኋላ ወንበር ሻምበል ስላሉ ዝቅ አድርገው ፊት ለፊት አሳረፏት። ቤዛ እየሳቀች ወረደች። እኔ የተበጠሰውን ፊውዝ ከሣሩ ውስጥ ለቀምኩ።
ሻምበል ከአየር ኃይል ጡረታ የወጡ አስተማሪያችን ናቸው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ብቻዋን ትበራለች አሉ። ሁሉም አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ።

ጥቅምት 11፣ ሰኞ
ጭሮ፣ ወፍጮ ቤት። ማሽላ፣ በቆሎ፣ ማሽላ። በመሃል ትንሽ ፋታ አለ።
ሻምበል የሜዳውን ታሪክ አንድ ገጽ ጻፍ ብለውኛል። ቤዛ በምትበርበት ቀን ለእንግዶች ይነበባል። ለምን እኔ? ዝርዝር ስለምወድ ነው አሉ። እሺ፦
1. ሜዳው መጀመሪያ የተጠረገው ለአንበጣ መርጫ አውሮፕላን። ልጅ ሆኜ አይቼዋለሁ፤ ሮጬ ተደብቄያለሁ።
2. አንበጣው ሲሄድ አውሮፕላኑም ሄደ። ሜዳው የከብት ሆነ። ለብዙ ዓመት።
3. ሻምበል ጡረታ ወጥተው መጡ። በሳጥን የታሸገች አሮጌ ግላይደር ይዘው። ከየት አመጧት ሲባሉ “ከወዳጅ” ብቻ።
4. ሽማግሌዎች ሦስት ቀን ተቀመጡ። ሞተር የላትም ሲባሉ ኦቦ ሙሜ፣ “ታዲያ ምኗ ነው አውሮፕላን?” አሉ። ተሳቀ። ሜዳው ተፈቀደ፣ ከግመሎቹ ውል ጋር።
5. ዊንቹን የሠራነው ሂርና ላይ ከተገለበጠ የጫት አይሱዙ ሞተር። ሦስት ወር ፈጀ።
6. አባላት አስራ አንድ። መምህር አለ፣ ነርስ አለች፣ ባጃጅ ነጂ አለ። ደመወዝተኛ የለም። ያልሠራ አይበርም።
7. እኔ የገባሁት ሞተር ስለማውቅ። ቤዛ የገባችው ምሳ ልታመጣልኝ መጥታ። ጥፋቱ የምሳው ነው።
7ኛውን ለእንግዳ አላነብም።
ተይው ብያታለሁ። ሁለት ጊዜ። ቅዳሜ ሲሆን ግን ጫማዋን አድርጋ በር ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች።
የምፈራቸው ነገሮች፦ ብቻዋን ሆና ፊውዙ ቢበጠስ። ፊውዙ ቢበጠስ፣ ሻምበል ከኋላ ሳይኖሩ። ያው አንድ ነገር ነው፤ ሁለቴ ጻፍኩት።

ጥቅምት 13፣ ረቡዕ
የጥገና ቀን። ብቻዬን።
ጠዋት ወፍጮ ቤት የመብራቱ ፊውዝ ተቃጠለ። እንደ ሁልጊዜው ወፍራም ሽቦ ጠቀለልኩበትና ሥራ ቀጠለ። ጭሮ ውስጥ ይሄን የማያደርግ ቤት የለም። ሚኒባስ ውስጥ ሆኜ አሰብኩ፤ ለገመዱስ ለምን አላደርግም?
ሚኤሶ ላይ በያጅ ጋ ወረድኩና አዲስ ፊውዝ አሠራሁ። ያው ቅርጽ፣ ያው ቀዳዳ፣ ውፍረቱ እጥፍ። ቀይ ቀለም ቀባሁት፣ የድሮውን እንዲመስል። ለምን እንዲመስል ፈለግክ በይኝ፣ ደብተሬ። አልመልስም።
ገጠምኩት። ለማንም አልነገርኩም። ምሳዬን ጨርሼ በላሁ። ከስንት ቀን በኋላ።

ጥቅምት 16፣ ቅዳሜ
ስድስት ጊዜ ሳብኩ። አንድም አልተበጠሰም። ሁሉንም ቤዛ ነበረች፣ ከሻምበል ጋር። ባጃጅ ነጂው፣ “ጋሼ መኮንን፣ ዛሬ እጅዎ ምን ተቀብቶ ነው?” እያለ ቀለደብኝ። ሳቅኩ።
ሦስተኛው ላይ ነፋስ መጣ። ኃይለኛ። ገመዱ አፏጨ፣ ዊንቹ ከነመሠረቱ ተነቃነቀ። ካረፉ በኋላ ሻምበል ክንፉን ዞሩት። ደግመው ዞሩት። ሞተር ጨምረህ ነበር ወይ አሉኝ። አልጨመርኩም አልኩ። እውነት ነው። ስለ ፊውዙ አልጠየቁኝም። አልተናገርኩም።
የሚመጣው ቅዳሜ የቤዛ ቀን ነው። መረጋጋት ነበረብኝ። አልተረጋጋሁም።

ጥቅምት 18፣ ሰኞ፣ 11 ሰ.
ቤዛ ወፍጮ ቤት መጣች። ብቻዋን ከመብረሯ በፊት የምትፈተነው አርባ ጥያቄ አለ። ጆንያ ላይ ተቀምጣ ጠይቀኝ አለች። ደስ አለኝ፤ ዝርዝር ነው። እስከ አስራ ስምንት አንድም አልሳተችም። አስራ ዘጠኝ፦
“ፊውዝ ለምንድነው የሚበጠሰው?”
“ክንፉ እንዳይሰበር።”
ወረቀቱን አየሁ። ልክ ናት።
“ነፋስ ድንገት ሲመታን ክንፉ የሚችለው ልክ አለው፣ አባዬ። እዚያ ሳይደርስ ፊውዙ ይሄዳል፣ እኛ እንተርፋለን። ቀጥል።”
ደንበኛ መጣ ብዬ ተነሳሁ። ደንበኛ የለም።
እኔኮ ለገመዱ ነበር የሚመስለኝ። ገመዱ እንዳይጎዳ። ሁለት ዓመት ዊንች ይዤ አንድ ቀን አልጠየቅኩም።

ጥቅምት 20፣ ረቡዕ
ሄድኩ። ወፍራሙን ፈታሁ፣ ትክክለኛውን አሰርኩ። ወፍራሙ ኪሴ ውስጥ ነው። ይከብዳል።
ሀ. ዝም ማለት። ትክክለኛው ገብቷል። ማንም አያውቅም። ቅዳሜ ትበራለች።
ለ. መናገር። በረራው ይሰረዛል። ዊንቹን እነጠቃለሁ። ቤዛ ደግሞ እንዳልበር ብሎ ነው ትላለች፤ ተይው ያልኳት እኔ ነኛ። ማን ያምነኛል?
ሀ ጥሩ ነበር። ግን ያ ሦስተኛው አለ። ያ ነፋስ። ክንፉን በመዳፌ ዳሰስኩት፣ ለስላሳ ነው። ውስጡን በምን ላውቅ? ቀለሙን አልፌ አላይ፣ ነገሩ ያለው እንጨቱና ሙጫው ውስጥ ነው።
ደከመኝ። ዝርዝሩ ሁለት መስመር ብቻ ነው፤ ግን አላልቅ አለኝ።

ጥቅምት 22፣ ዓርብ
ለቤዛ ነገርኳት። ግቢ ውስጥ ጫማዋን እያጠበች። ብረቱን አውጥቼ አሳየኋት። ቶሎ ገባት፣ ከእኔ ቶሎ።
“ስድስቱንም?”
“ስድስቱንም።”
“ሻምበል ከኋላዬ ነበሩ እኮ” አለች። ስለ ራሷ አላነሳችም። ጫማዋን ወደ ውሃው መልሳ፣ “እንዳልበር ብለህ ነው?”
“እንዳትወድቂ ብዬ ነው።”
ጫማዋን አጥባ ጨረሰች። ፀሐይ ላይ አሰጣችው። “ለሻምበል አንተ ንገራቸው። እኔ አልነግርልህም።”

ጥቅምት 23፣ ቅዳሜ፣ 11 ሰ.
ነገርኩ። ግመሎቹ ገና እያለፉ ነበር። አባላቱ በሙሉ፣ እንግዶችም መምጣት ጀምረዋል። ሻምበል መዳፋቸውን ዘረጉ፣ ብረቱን አስቀመጥኩ። መዘኑት። ቢጮሁ ይሻለኝ ነበር።
ኦቦ ሙሜ ከጥላው ሥር፣ “አንተ መኮንን፣ ለልጅህ ብለህ ልጅህን?” አሉ።
ክንፉን አወረድነው። ሻምበል በሳንቲም ከጫፍ ጀምረው ቀስ እያሉ መቱት፣ ጆሯቸውን አስጠግተው። ቀጭን ድምፅ፣ ቀጭን ድምፅ። የግላይደሯ አካል ጋ ሊደርሱ ሲሉ አንድ ቦታ ድምፁ ደነዘዘ። ደግመው መቱ። ሁላችንም ሰማነው። ቤዛም። የተሰነጠቀው እዚህ ነው ብለው በጠመኔ ከበቡት።
ዛሬ ብትወጣ ኖሮ ብለው ጀመሩና ተዉት።
ባለሙያ ከደብረ ዘይት እስኪመጣ በረራ የለም። ወር ይሁን ሁለት ወር አይታወቅም። እንግዶች ተመለሱ። ታሪኩን ያነበበው የለም። የዊንቹን ቁልፍ ለነርሷ አስረከብኩ። ከማኅበሩ አላባረሩኝም፤ ድንጋይና ጉድጓድ ያንተ ነው አሉኝ።
ሚኒባስ ውስጥ ቤዛ ከፊት ተቀመጠች፣ እኔ ከኋላ። ዳገቱን ሙሉ አልዞረችም። ጭሮ ወርደን ባጃጅ ስንጠብቅ ነው የተናገረችው።
“ሲጠገን ማን ነው የሚስበኝ?”
“እኔ አይደለሁም።”
“አውቃለሁ። ትመጣለህ ወይ ነው የምልህ።”
ባጃጁ መጣ፣ ተሳፈርን። አሁን ግን ወስኛለሁ፣ እራት ላይ እነግራታለሁ። እሄዳለሁ። ዊንቹ አጠገብ አልደርስም። ፊውዙ ቢበጠስም ይበጠስ። ቆሜ አያለሁ፣ ምንም ነገር ሳልነካ።